ሳህኑን የት ነው ያስቀመጥነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

የዛሬው ጥያቄ ከኪታብ ሳይሆን ከጓሮዬ የመጣ ነው። ኒያችን ንጹህ ሆኖ ሥራችን ግን ሌላውን ቢጎዳ፣ «ኒያዬ እኮ ጥሩ ነበር» ማለት ይበቃናልን? መልሱን የምታውቁት ከመሰላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። እኔም የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ለተማሪዎቼም አስተምሬዋለሁ።

የምንኖረው ደሴ ነው። ከቤታችን ጀርባ ትንሽ ጓሮ አለች። አንድ የኮክ ዛፍ፣ ጥቂት ጎመን፣ ጤና አዳም፣ በአጥሩ ጥግ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ አለባት። አንድ ማለዳ ከሱብሒ በኋላ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ቁርኣን ስቀራ፣ ሁለት ድንቢጦች ባዶውን መሬት ሲጭሩ አየሁ። ተነሥቼ ባለቤቴ ከለቀመችው የስንዴ ግርድ አንድ እፍኝ በአሮጌ ሳህን አወጣሁላቸው። አጠገቡ በጣባ ውሃ አስቀመጥኩ። በማግስቱ አምስት ሆኑ። በሳምንቱ መቁጠር ተውኩ።

ወፍ ከተመለከቷት ብዙ ታስተምራለች። ድንቢጥ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ለካ የእኛ የደጋዋ ድንቢጥ ራሷ ግራጫ፣ ጀርባዋ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ የምትገኘው በዚህ በእኛ የአፍሪካ ጥግ ብቻ ነው። ዋኔዎቹ ዘግይተው ይመጣሉ፤ ሽማግሌ ወደ መስጂድ እንደሚገባ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ወደ እህሉ ዞር የማትል ደግሞ አለች፤ በቀጭን ቆልማማ ምንቃሯ ከአጥሩ አበባ ማር ትመጣለች። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲነካው ግን ወይን ጠጅና አረንጓዴ ሆኖ ያብለጨልጫል። የውጭ ሊቃውንት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ስም ሲሰጧት በተከዜ ወንዛችን ስም ሰይመዋታል። መስከረም ሲጠባ ጭራዋን የምትወዘውዝ ቢጫ ሆድ ወፍ ትመጣለች፤ እሷ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽታ የመጣች እንግዳ ናት።

ሱረቱል ሙልክን ብዙዎቻችን ማታ ማታ እንቀራታለን። በ19ኛው አንቀጽ አላህ ከበላያችን ክንፋቸውን እየዘረጉና እየሰበሰቡ ስለሚበሩ ወፎች ያነሳል፤ በአየር ላይ የሚይዛቸው አር-ረሕማን ብቻ መሆኑንም ይነግረናል። ያንን አንቀጽ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ወፍ እያየሁ የቀራሁት ግን በዚያ መስኮት ሥር ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ልቤ ይረጋጋ ነበር። የሰባት ዓመቷ ልጄም ቁርሷን ትታ ትመጣና አጠገቤ ትቀመጣለች።

ከዚያ አንድ ማለዳ ሆነ።

አንዲት ዋኔ ከሳህኑ ላይ ራሷን ዝቅ አድርጋ ትለቅማለች። ከቁጥቋጦው ውስጥ ድመት ተወረወረች። ከዓይን ጥቅሻ በፊት አለቀ። ሌሎቹ በረሩ፤ ሳህኑ ተገለበጠ፤ ላባው በጎመኑ ላይ ቀረ። ልጄ አላለቀሰችም፤ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «አባ፣ ባለፈውም ላባ አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጠየቀችኝ፦ «እኛ ባንጠራት ኖሮ ትሞት ነበር?»

እኔም መለስኩላት። «ልጄ፣ ድመቷም የአላህ ፍጡር ናት፤ ሪዝቋን ነው የበላችው። የዋኔዋም አጀል ደርሶ ነው። እኛ ደግሞ ኒያችን ጥሩ ነበር።» አልኳት።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ብትመረምሯቸው ሐሰት የሆነ የለባቸውም። መልሱ ግን የተሳሳተ ነበር። ልጄ የጠየቀችኝ ስለ ቀደር አልነበረም። የጠየቀችኝ ስለ እኛ ነበር።

ልጄ ስትወጣ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩና ወደ ሳህኑ ተመለከትኩ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሳህኑ ከቁጥቋጦው ሥር የሆነው በአጋጣሚ አልነበረም። ከዚህ ወንበር ላይ ሆኖ በደንብ የሚታየው ቦታ እሱ ብቻ ነው። ለወፎቹ የሚመቸውን ቦታ አልፈለግኩም። እነሱን ለማየት ለእኔ የሚመቸውን ቦታ ነው የመረጥኩት። ለእኔ ዓይን የተመቸው ለድመቷም ተመቻት።

እስኪ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ሥራ ሁሉ በኒያ የሚለካ መሆኑን የሚናገረውን ሐዲሥ ዑመር (ረ.ዐ) አስተላልፈውታል፤ ኢማሙ አል-ቡኻሪም ኪታባቸውን የጀመሩት በእሱ ነው። ታላቅ መሠረት ነው፤ ማንም አይነቀንቀውም። ግን ይህን ሐዲሥ እንደ ጋሻ እየተጠቀምንበት አይደለምን? ሐዲሡ የሚያስተምረን ሰው ከሥራው የሚያገኘው በነየተው ልክ መሆኑን ነው። የነየተ ሰው ሌላውን ቢጎዳ ጉዳቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል አላለንም።

ሸሪዓችንን ተመልከቱ። አንድ ሰው ሳያስበው በስህተት ሌላ ሙእሚን ቢገድል፣ ሱረቱ ኒሳእ በ92ኛው አንቀጽ ለሟቹ ቤተሰብ የደም ካሣ፣ በገዳዩም ላይ ከፋራ ይደነግጋል። ልብ በሉ፤ ኒያው ክፉ ስላልሆነ የሆን ብሎ ገዳይ ወንጀል የለበትም። የቤተሰቡ ሐቅ ግን አልወደቀም። ሕክምና ሳያውቅ ሐኪም ነኝ ብሎ ያከመ ሰውም ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን የሚገልጽ ሐዲሥ አቡ ዳውድና ሌሎችም ዘግበዋል። እንዲህ ያለው ሰው በሽተኛውን ለመግደል አይነይትም፤ ሊያድነው ነው የነየተው። ተጠያቂ ያደረገው ማወቅ የሚገባውን ሳያውቅ እጁን መዘርጋቱ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በፍልስፍና ኮርስ ላይ ስለዚህ ነገር ብዙ ተከራክረናል። ጀርመናዊው ካንት በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ ያለ ገደብ መልካም ሊባል የሚችለው መልካም ፈቃድ ብቻ ነው የሚለውን አሳብ አቀረበ። እንግሊዛዊው ቤንታምና ተከታዮቹ ደግሞ ሥራ የሚመዘነው በሚያስከትለው ደስታና ሥቃይ ነው አሉ። ክፍላችን ለሁለት ተከፍሎ ይጨቃጨቅ ነበር። መድረሳ የቀራሁት ትምህርት ግን ሁለቱን አላጣላቸውም። ፉደይል ኢብኑ ዒያድ (ረሒመሁላህ) ከእኛ ማን ሥራው ያማረ እንደሆነ ሊፈትነን ሞትንና ሕይወትን እንደፈጠረ አላህ የተናገረበትን አንቀጽ ሲያብራሩ፣ ያማረ ሥራ ማለት ለአላህ የጠራና ትክክለኛ የሆነ ማለት ነው አሉ። ጠርቶ ትክክል ካልሆነ አይበቃም፤ ትክክል ሆኖ ካልጠራም አይበቃም። ይህ አንቀጽ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? እዚያው ሱረቱል ሙልክ ውስጥ ነው፤ 2ኛው አንቀጽ። የወፎቹ አንቀጽ 19ኛው ነው። እኔ በመስኮቴ ሥር 19ኛውን እያጣጣምኩ 2ኛውን ዘልዬው ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ደግሞ ሸዳድ ኢብኑ አውስ ያስተላለፉት፣ ሙስሊም የዘገቡት ሐዲሥ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ ገልጸው ምሳሌ የሰጡት በእርድ ነው፤ የሚያርድ ሰው ቢላውን ይሳል፣ እንስሳውንም ያሳርፈው የሚል መልእክት ያለው ነው። አስቡት፤ ለማረድ እንኳ ጥንቃቄ ከታዘዝን ለማብላትማ እንዴት አይሆን?

በዚህ ነገር ላይ ሳስብ አያቴ ትዝ አለኝ። አላህ ይርሐመውና አያቴ ቆላ ነበር የሚያርሰው፤ ማሽላ። ግሪሳ ወፍ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በዓለም ላይ በቁጥር እጅግ ከሚበዙት የዱር ወፎች አንዷ ናት። እንደ ደመና መጥታ የዓመት ልፋት በጥቂት ቀን ታራቁታለች። እኛ ልጆች ማማ ላይ ወጥተን ወንጭፍና ጅራፍ ይዘን እንጠብቃለን። አንድ ቀን በወንጭፍ አንዲት ወፍ መትቼ ጥዬ እየጨፈርኩ ሄድኩለት። አያቴ አልሳቀልኝም። «ድምፁ ከበቃ ድንጋዩ ለምን?» አለኝ። ከማሳው ዳር ካለው ግራር ላይ የወፍ ጎጆ ነበር፤ ወደዚያ አቅጣጫ እንድንወነጭፍ አይፈቅድም ነበር።

አያቴ ወፍ አባራሪ ነበር፤ እኔ ወፍ አብዪ ነኝ። ግን ከሁለታችን ለወፍ ይበልጥ ይጠነቀቅ የነበረው እሱ ነው። እሱ ሲያባርር እንኳ የት እንደሚወረውር ይመለከት ነበር። እኔ ሳበላ የት እንደማስቀምጥ አላየሁም።

«ቆይ ኡስታዝ፣ የዱር ወፍ እኮ ያንተ አይደለችም፤ አልያዝካት፣ አላሰርካት» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ዒዙዲን ኢብኑ ዐብዲሰላም (በ660 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት) እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ሲዘረዝሩ፣ ባለቤቱ ቢያረጁም ቢታመሙም፣ ባይጠቅሙትም እንኳ እንዲያበላቸው ያስገድዳሉ። ይህ ስለያዝናቸው እንስሳት ነው። ግን የዚያችን ድመት አስራ ያስራበችውን ሴት ሐዲሥ አስታውሱ። ጥፋቷ ምን ነበር? አላበላቻትም፤ ራሷ ከምድር ፈልጋ እንዳትበላም አልለቀቀቻትም። የድመቷን መንገድ በእጇ ስላስገባች ተጠየቀችበት። እኔም በየማለዳው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ እህል ሳስቀምጥ የእነዚያን ወፎች መንገድ ቀይሬያለሁ። አላሰርኳቸውም፤ ግን ጠርቻቸዋለሁ። የጠራ ሰው ደግሞ የጠራበትን ቦታ የመመርመር ኃላፊነት አለበት። የልጄ ጥያቄ ይህ ነበር፦ «እኛ ባንጠራት ኖሮ?»

ይህ የእኔ ጓሮ ብቻ ችግር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በጓሮ ወፍ ማብላት የሚሊዮኖች ልማድ ነው። እዚያ ግሪንፊንች የምትባል አረንጓዴ ትንሽ ወፍ አለች። በፈረንጆቹ 2005 የወፎችን ጉሮሮ የሚያሳብጥና መዋጥ የሚከለክል በሽታ በእነሱ ዘንድ መታየት ጀመረ። በሽታው የሚተላለፈው የታመመችው ወፍ በምራቋ በነካችው እህልና ውሃ ነው፤ ወፎች ተሰብስበው ከአንድ ዕቃ የሚበሉበት ያልታጠበ መመገቢያ ደግሞ ያባብሰዋል። ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው በጣም አሽቆለቆለ፤ በ2021 እጅግ አሳሳቢ ከሆኑት ወፎች ዝርዝር ውስጥ ገባች። ያን ሁሉ ዕቃ ከሰቀሉት ሰዎች መካከል ወፍ የሚጠላ ነበረ? አልነበረም። የሚወዱት ናቸው የሰቀሉት። መፍትሔውም ጥላቻ አልነበረም፤ ማጠብ፣ ቦታ መቀያየር፣ የታመመ ሲታይ ለጊዜው ማቆም ነው። ፍቅር እውቀት ሲጎድለው በእጁ ያለውን ሳህን አያይም።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ስለ ወፍ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጽፍም ነበር።

ዋኔዋ በሞተች ሰሞን ሌሊት ሌሊት ፊቴ ላይ ይመጣ የነበረው የአንድ ሰው ፊት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በምሰግድበት መስጂድ የቀን ሥራ እየሠራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ጎልማሳ ነበር። ታመመ፤ ሥራ አቆመ፤ የቤት ኪራይ ተጠራቀመበት። እሱ ለማንም አልተናገረም፤ እኔ ከጎረቤቱ ሰማሁ። ልቤ ተነካ፤ አላህ ያውቃል፣ የተነካው እውነት ነው። በዐስር ሶላት ማግሥት ተነሥቼ ስሙን ጠርቼ ችግሩን ዘርዝሬ ጀመዓውን አነቃቃሁ። ሰዉ ሳይሰስት ሰጠ። ብሩን ቆጥረን እዚያው አስረከብነው። በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ዓይኑ ምንጣፉ ላይ ነበር። ፎቶም አነሳን። ፊቱ እንዳይታይ ብለን ከጀርባው አነሳንና ለሌሎች ማበረታቻ እንዲሆን ለጠፍነው። ጃኬቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በመስጂዳችን አላየሁትም። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ራቅ ወዳለ መስጂድ እየሄደ እንደሚሰግድ ስሰማም «ነፃነቱ ነው» አልኩ። ያ ደግሞ የወፏ ላባ ነበር፤ ያየሁት፣ ግን ልጠይቅበት ያልፈለግኩት።

ሳህኑን የት እንዳስቀመጥኩ ሲገባኝ ያም ገባኝ። የዚያን ሰው ሰደቃ ለእሱ በሚመች ቦታ አላስቀመጥኩትም። ጀመዓው በሚያይበት፣ እኔም ስሰጥ በምታይበት ቦታ ነው ያስቀመጥኩት። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 273ኛው አንቀጽ ከጥብቅነታቸው የተነሣ ሁኔታቸውን የማያውቅ ሰው ሀብታም ስለሚላቸው ችግረኞች ይናገራል። ያ ሰው ከእነሱ አንዱ ነበር። ያንን ጥብቅነቱን ለኪራይ ብር ለወጥኩበት፤ ትፈልጋለህ ወይ ብዬም አልጠየቅኩትም። ሰደቃን በይፋ መስጠት ጥሩ መሆኑን፣ ደብቆ ለችግረኛ መስጠት ደግሞ የተሻለ መሆኑን እዚያው ሱራ ላይ 271ኛው አንቀጽ ያስተምራል። ስለዚህ በይፋ መሰብሰብ ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። ሌላውን የሚያነሣሣ ከሆነ መልካም ነው። ይፋ የሚወጣው ግን ሰጪው ነው፤ የተቀባዩን ገመና ይፋ አውጡ ያለን የለም።

አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ቤቱ ሄድኩ። ቡና አስፈላ፤ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ አወራን። በመጨረሻ «አፉ ይበሉኝ» አልኩት። ለምን እንደሆነ ስነግረው ቆይቶ እንዲህ አለኝ፦

«ኡስታዝ፣ አልዋሽህም፤ ብሩ ጠቅሞኛል። ያንን ወር ባይኖር ውጭ ነበርን። ግን ትልቁ ልጄ ያንን ፎቶ በጓደኛው ስልክ ላይ አየው። ቤት መጥቶ አንድ ቃል አልተናገረኝም። እስከ ዛሬም አልተናገረኝም። ለብቻዬ ጠርተኸኝ ግማሹን ብትሰጠኝ ይሻለኝ ነበር።»

አፉ ብሎኛል፤ አላህም ይማረኝ። ወደ መስጂዳችን ግን አልተመለሰም። ታሪኬን በጥሩ መጨረሻ ለማሳመር ብዬ ተመለሰ አልልም። ይህን ጽሑፍም ከመልቀቄ በፊት አንብቤለታለሁ። ሁለት ነገር እንዳወጣ ጠየቀኝ፤ አውጥቻለሁ። የቀረውን «ለሰው ከጠቀመ ይውጣ» ብሎ ፈቀደ። ያን ጊዜም ልጠይቀው የሚገባኝ ይኸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጉዳት እንዳናደርስ ፈርተን መስጠት እናቁም? አዑዙ ቢላህ! ይህም የሸይጧን ሌላው በር ነው። የዘራ ወይም የተከለ ሙስሊም ከተከለው ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ተነግሮናል። የተጠማ ውሻን ያጠጣው ሰውዬ ወንጀሉ ተምሮለታል። ግን እሱስ ምን አደረገ? ጉድጓድ ወርዶ ጫማውን በውሃ ሞልቶ፣ በአፉ ይዞ ወጥቶ አጠጣው። ውሻው መውረድ አይችልም፤ ስለዚህ ውሃውን ውሻው ወዳለበት አመጣለት። ሳህኑን በትክክለኛው ቦታ አስቀመጠ ማለት ይህ ነው።

በኢስታንቡል የጥንት መስጂዶች ግድግዳ ላይ ከድንጋይ የተጠረቡ የወፍ ቤቶች አሉ፤ በዑስኩዳር የሚገኘው፣ በ1760 አካባቢ የተሠራው የአያዝማ መስጂድ በዚህ ይታወቃል። ቤቶቹ ያሉት ከፍ ብለው፣ ድመትና የልጅ እጅ በማይደርስበት ነው። የሠሩት ሰዎች ከመጠረባቸው በፊት ወፍ ምን እንደሚያስፈራት አስበዋል።

የሚገድበንን ደግሞ አንርሳ። አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስገድዳትም። ልናውቀው የማንችለውን፣ ከተጠነቀቅን በኋላ የሚደርሰውን ቀደር አንሸከምም። የምንጠየቀው ልናየው እየቻልን ስላላየነው ላባ ነው።

ለዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ይዘን እንሂድ፦

አንደኛ፣ ስንሰጥ «ይህ ቦታ ለማን ነው የሚመቸው?» ብለን እንጠይቅ። ለሰው ከሆነ ራሱን ሰውዬውን እንጠይቀው፤ ለወፍ ከሆነ ቆም ብለን እንይ።

ሁለተኛ፣ የሰጠነውን ተመልሰን እንጎብኝ። ሰጥቶ ዞር ማለት ቀላል ነው። የጠቀመ ወይም የጎዳ መሆኑ የሚታወቀው በማግስቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ጎድተን ከተገኘን «ኒያዬ» ከማለታችን በፊት «አፉ በለኝ» እንበል። ኒያችንን አላህ ያውቀዋል፤ ልንነግረው አያስፈልግም። የተጎዳው ሰው ግን የሚጠብቀው ቃል አለ።

ወፍ ለምታበሉም፦ ሻጋታ ያለበት እህልና ጨው የገባበት የተረፈ ምግብ አትስጧቸው፤ ዳቦ ሆዳቸውን ይሞላል እንጂ ብዙም አይጠቅማቸውም፤ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ፤ ዕቃውን አዘውትራችሁ እጠቡ። ሳህኑን ከቁጥቋጦ ሁለት ሜትር ያህል አርቁት፤ ድመት ተደብቃ እንዳትደርስባቸው፣ ጭልፊት ከላይ ሲመጣ ደግሞ ሮጠው የሚገቡበት እንዳያጡ።

ልጄንስ? ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የአቡ ዑመይር ሐዲሥ አለ። የአነስ (ረ.ዐ) ትንሽ ወንድም የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ሞተችበት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጁ አዝኖ ሲያዩት በቁልምጫ ስሙ ጠርተው ወፏ ምን እንደሆነች ጠየቁት። የሻፊዒዩ ሊቅ ኢብኑል ቃስ ከዚህ አጭር ሐዲሥ ከስድሳ በላይ ትምህርት አውጥተው ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈውበታል። እኔ ለራሴ አንድ ወሰድኩ፦ የአላህ መልእክተኛ ያዘነውን ሕፃን ስለ አጀል ትምህርት አልሰጡትም፤ ስለ ወፉ ጠየቁት። ስለዚህ ማታ ልጄን አስቀምጬ «ያቺ ዋኔ እንዴት ነበረች?» አልኳት። ያን ጊዜ አለቀሰች። ከዚያም «ለጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው፤ ሳህኑን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ቦታው ጥሩ አልነበረም» አልኳት። በማግስቱ አዲሱን ቦታ የመረጠችው እሷ ናት፤ በእርምጃዋ ለክታ ከኮኩ ወዲህ ገላጣው ላይ አስቀመጠችው።

ከወንበሬ አይታይም። ድምፃቸውን ግን እሰማለሁ።

አላህ ሆይ! ኒያችንን አጥራልን፤ ሥራችንንም አሳምርልን። በመልካም ስም የጎዳናቸውን ሰዎች ልብ ጠግንልን፤ ይቅር እንዲሉንም አድርገን። በምድርህ ላይ ያሉ ደካሞችን ሁሉ፣ በሁለት እግሩ የሚሄደውንም በሁለት ክንፉ የሚበረውንም፣ በእጃችን እንዳይጎዱ ጠብቅልን። አሚን።

በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።